ለጆሮ መጻፍ ለምትጀምሩ

«ፖድካስት ልንጀምር ነው፤ የትኛው ማይክ ይሻለናል?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ልጆች፦ የማይኩ ነገር ቶሎ ያልቃል። ለጊዜው ስልካችሁ ይበቃል። ብርድ ልብስና ልብስ በሞላበት ክፍል ውስጥ፣ ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ትንሽ ወደ ጎን ያዙት፤ «ፐ» እና «ጰ» እንዳይፈነዱባችሁ ነው። ጣጣው ያለው ጽሑፉ ላይ ነው።

አማርኛ ግሱን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንባቢ ዓረፍተ ነገሩ ቢረዝምበት ተመልሶ ያነበዋል። ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሚሰማችሁ ሰው ግን መመለሻ የለውም፤ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ያን ሁሉ «የ» እና «እንደ» ተሸክሞ ግሱን ይጠብቃል። አንዱ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» ካለ ሁሉም ከእጁ ወደቀ። ስለዚህ ቁረጡት። የምታስረዝሙት አድማጩን ሆን ብላችሁ ልታንጠለጥሉት ስትፈልጉ ብቻ ይሁን። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይም፣ የሚጠብቀው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። «ይበላል» የሚለውን አላልታችሁ ካነበባችሁት በኋላ ሰውየው የተበላ መሆኑ ቢገለጥ ማረሚያ የለውም።

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» መጽሐፉን ገልጣችሁ ስሙት። ትንፋሽ በወሰደበት ሁሉ ጭረት አድርጉ፤ ጭረቶቻችሁ ከአራት ነጥቡ ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥሙ ታያላችሁ። ድምፁን ለመምሰል ግን አትሞክሩ፤ የሞከሩትን ሰምቻለሁ፣ አያምርም።

ሰው ልታነጋግሩ ስትሄዱ ሶፋ ላይ አታስቀምጡት። ሥራው ላይ ድረሱበት። ቡና የምትቆላ ሴት «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩኝ» ብትሏት የመድረክ ንግግር ታደርግላችኋለች። ምጣዱ አጠገብ ተቀምጣችሁ «ይሄ ገና ነው ወይስ ደርሷል?» ብላችሁ ጠይቋት፤ እያማሰለች፣ ጭሱን በእጇ እየመለሰች፣ ያልጠየቃችኋትን ሁሉ ታወራለች። የፍሬውን መንጣጣት፣ ኋላም የዘነዘናውን ምት ለብቻው ቅዱ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ድምፅ ብቻውን ማንነቱን አይናገርም። የሚጠበስ ሽንኩርትና ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ በሬዲዮ ይመሳሰላሉ። ድምፁ ከመግባቱ በፊት «ምጣዱ ተጣደ» የምትል አንድ ቃል ጣል አድርጉ፤ የቀረውን አድማጩ ራሱ ያየዋል። ከመነሣታችሁ በፊትም ሁሉንም ዝም አሰኝታችሁ የቤቱን ባዶ ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅዱ፤ ስትቆራርጡ የመገጣጠሚያውን ስፌት የሚሸፍንላችሁ እሱ ነው።

«ውድ አድማጮቻችን እንደምን ከረማችሁ» የሚለውን የሦስት ደቂቃ ሰላምታ ተዉት። ለእያንዳንዱ አሳዛኝ ታሪክ ከሥር ዋሽንት ማስገባትንም እንዲሁ፤ ታሪኩ ካላሳዘነ ዋሽንቱ አያሳዝነውም።

የመጀመሪያ ሥራችሁን ለጓደኛ አታሰሙ፤ ጓደኛ ያሞግሳል። ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ለሚከትፍ የቤተሰብ ሰው ክፈቱለትና ሌላ ወሬ ያነሣበትን ደቂቃ ጻፉ። ከዚያች ደቂቃ በፊት ያለውን ደግማችሁ ስሙት፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው።