ለደብረ ብርሃን የሚሆን አውቶሞቢል፦ ጥያቄና መልስ

የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ለመኪና መግዣ ማበደር ከጀመረ ወዲህ ሻይ ልጠጣ በተቀመጥኩበት ሁሉ የምጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል። እኔም እንደ አባልነቴ፣ ጋራዥ ውስጥም ሃያ ስድስት ዓመት እንደ ማሳለፌ፣ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ስጡኝ ብዬ ነበር፤ ደርሶኛል። አብዛኞቻችሁ የምትፈልጉት ከቤት ሥራ የሚያመላልስ፣ በወር አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትሩን አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ መካከለኛ አውቶሞቢል ነው። መኪና አልሸጥም፣ ድለላም አልሠራም፤ ስለዚህ የምጽፈው የማንንም ገበያ አያሞቅም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፤ ከጠባሴ መሐል ከተማ እመላለሳለሁ። ጋሼ፣ ሐተታውን ትተው የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ኮሮላ፣ ወይም አነስ ያለ ከፈለጉ ያሪስ ባለ ኋላ ሻንጣው። ምክንያቴ ዝናው አይደለም። እዚህ ከተማ ውስጥ ይህን ሞተር ከፍቶ የማያውቅ መካኒክ የለም፤ የፍሬን ሸራውና ፊልትሮው ከቤትዎ በእግር በሚደረስ ሱቅ አለ። የሌለውም ቢሆን ጠዋት አዲስ አበባ፣ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ተደውሎ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ይደርሳል። ሌላ የተሻለ ምቾት ያለው መኪና ሞልቷል፤ ግን አንድ ሴንሰር ፍለጋ ሦስት ሳምንት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ከቆመ ምቾቱ ለዶሮዎቹ ነው።

ከሞተሮቹ መካከል የያሪሱ 1.3 እና 1.5 ሊትር በሰንሰለት የሚሠሩ ናቸው፤ እንደ አሮጌዎቹ ኮሮላዎች በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚቀየር የውስጥ ቺንጊያ (የጎማ ቀበቶ) የላቸውም። አሮጌ ኮሮላ ሲገዙ ግን ቺንጊያው መቼ ተቀየረ ብለው ይጠይቁ፤ ሻጩ ከተንተባተበ የመቀየሪያውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ያስቀንሱ። በ2000 ዓመተ ምሕረት አካባቢ (በፈረንጆች) የተሠሩ 1.8 ሊትር ኮሮላዎች፣ 1ዜድዜድ የሚባለው ሞተር ያለባቸው፣ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ከ2007 እስከ 2009 ድረስ የተሠሩት ባለ 2.4 ካምሪዎችም እንዲሁ። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ከፒስተን ቀለበቶቹ አሠራር የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ አዳማ ሞክሬ የወደድኩት መኪና እዚህ ሳመጣው ጉልበቱ ጠፋ። ተታልዬ ነው?

መልስ፦ አልተታለሉም፤ አየሩ ነው። አዳማ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እኛ ያለነው 2,800 ገደማ ላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ከአንድ አራተኛ በላይ ያነሰ ነው። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የሚለው መኪና እኛ ዘንድ 72 ወይም 73 ቢያገኝ ነው። ስለዚህ 1.0 ሊትር ሞተር ላይ አምስት ሰው ጭኖ ዳገት መውጣት መኪናውንም ሰውንም ማሰቃየት ነው። ለከተማ ብቻ 1.3 ይበቃል፤ ቤተሰብ ይዞ አገር ቤት ለሚወጣ 1.5 ወይም 1.6 እመርጣለሁ።

ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ደግሞ ቆላ ላይ የተስተካከለው ልክ እዚህ ነዳጁን ያበዛዋል፤ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ይመጣል። ደጋ ላይ እንደገና ይስተካከልልዎ። ኢንጀክሽን ያለው ራሱን ያርማል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መኪና ሳይ ዋናው ማየት ያለብኝ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሰዓቱን። ጠዋት ይሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ የታየ መኪና እንዳልታየ ይቆጠራል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት እዚህ ከተማ መኪና የሚገዛ ሰው ገንዘብ የማይከፈለው መርማሪ አለው፤ እሱም ውርጭ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ግቢው ሳትገባ ይድረሱ። መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ ኮፈኑን ይመልከቱ። ጣሪያው በውርጭ ነጭ ሆኖ ኮፈኑ ረጥቦ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሻጩ ከእርስዎ ቀድሞ ተነሥቷል፤ ሞተሩን አሙቆ ነው የጠበቀዎ። ለምን እንዳሞቀው መጠየቅ አያስፈልግም። ውርጭ በሌለበት ወር መዳፍዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ፤ እንደ ድንጋይ መቀዝቀዝ አለበት።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። መካኒክ ነኝ ብዬ ተማምኜ አዲስ አበባ ከአንድ ነጋዴ ግቢ በዘጠኝ ሰዓት አንድ ኮሮላ ገዛሁ። ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ደቅኜ ሰማሁት፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ሳስነሳው የተነሣው ሰማያዊ ጭስ የጎረቤቴን የተሰጣ ነጠላ ሸፈነው። እሜቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «አንተ ልጅ፣ ኩበት ነው ወይስ ጎማ የምታነደው?» አሉኝ። ነገሩ ቀላል ነው፤ የቫልቮቹን ዘይት የሚያግደው ትንሽ ጎማ ሲደርቅ ሌሊቱን ዘይት ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ጠዋት ሲነሣ ተቃጥሎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም አይታይም። እኔም ያየሁት «ቀኑን ሙሉ» የሚለውን ነበር።

ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ብቻ ያዙሩት። የዘይቱና የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ሲነሣ መጥፋት አለባቸው። ከመጀመሪያውም ካልበሩ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል ማለት ነው። ከዚያ ያስነሡ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰከንዶች አያውሩ፣ ሻጩም እንዲያወራ አይፍቀዱ። ሻጮች ወሬ የሚያበዙት እዚያች አሥር ሰከንድ ላይ ነው።

ጭሱን ሲያዩ ደግሞ አይደናገጡ። በእኛ ብርድ ነጭ እንፋሎት ከሁሉም መኪና ይወጣል፤ ሲሞቅ ይጠፋል። የሚያስፈራው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ነው፤ ውኃው ወደ ሞተሩ እየገባ ነው። በዘይት ክዳኑ ሥር ትንሽ ነጭ አረፋ ቢያዩም፣ በብርድ ወራት አጭር መንገድ ብቻ የሚሠራ መኪና ያን ያመጣል። የዘይት መለኪያው ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካዩ ግን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተነክቷልና ቁልፉን መልሰው ቁርስዎን ይብሉ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «2007» ሞዴል ነው ይለኛል፤ የዓመቱን ነገር ግራ ገባኝ።

መልስ፦ የመኪና ሞዴል የሚቆጠረው በፈረንጆች ነው። 2007 ማለት በእኛ 1999 ወይም 2000 ነው። አንዳንዱ ደላላ ይህችን ስምንት ዓመት ሆን ብሎ ዝም ይላታል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ አዲስ አበባ ሲሄድ ይፈላል፤ ውኃ ሁልጊዜ እጨምራለሁ። አዲሱን ስገዛ ይህ እንዳይገጥመኝ?

መልስ፦ ውኃ መጨመሩ ነው ነገሩን ያባሰው። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሞተር ደግሞ የሚሠራው በ90 አካባቢ ነው። እንዳይፈላ የሚይዘው በራዲያተሩ ክዳን የሚታፈነው ግፊት ብቻ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግፊቱ ያመልጣል፤ ቆላ ላይ ደኅና የነበረ መኪና እዚህ ይንተከተካል። ስለዚህ ራዲያተር ከመቀየርዎ በፊት ክዳኑን ይቀይሩ። ሲገዙም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ይዩ፤ ውስጡ የዛገ የቧንቧ ውኃ ቀለም ካለው ባለቤቱ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጨምሮበት አያውቅም። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት መፍላቱንም ያዘገያል፣ ዝገቱንም ይከላከላል፣ በታኅሣሥ ሌሊትም አይረጋም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ዘይት፦ 20 ደብሊው 50 የሚባለው ወፍራም ዘይት በውርጭ ጠዋት እንደ ማር ነው። የመኪናው መጽሐፍ 5 ወይም 10 ደብሊው 30 ካለ እሱኑ ያድርጉ። ባትሪም ዜሮ ዲግሪ ላይ የማስነሣት አቅሙን አንድ ሦስተኛ ያህል ያጣል፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ጠዋት የሚያቃስተው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ በአንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የምትሠራው ደብረ ሲና ነው፤ በየሳምንቱ እወስዳታለሁ። ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ?

መልስ፦ ከተማ ውስጥ ለጉልበትዎ አውቶማቲክ ይሻላል። ስለ ጣርማበር ቁልቁለት ግን የሚወስነው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሳይሆን እግርዎ ነው። በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነም ዲ ላይ አይተዉት፤ ኤል፣ 2 ወይም ቢ የሚል ካለው እሱ ላይ ያድርጉት።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሹን ነጻ አድርጎ) የሚወርድ ሰው አውቃለሁ፤ ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኛል። አንደኛ፣ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ በፎሌ ግን ይበላል። ሁለተኛ፣ የፍሬኑ አጋዥ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ነው፤ ከፍታ ላይ እሱም ይዳከማል። ሞተሩን ያጠፋ ሰው ደግሞ ሁለት ሦስቴ ከረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ግንብ ይሆንበታል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚመጥጥ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ይህን ሳይቀይሩ የጣርማበርን ዋሻ አልፈው ወደ ታች አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሱዙኪ ዲዛየርስ? ራይድ የሚሠሩት ሁሉ ይዘውታል።

መልስ፦ ለከተማ ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ነዳጅ አይበላም። ርዝመቱ ከ4 ሜትር በታች የሆነው በሕንድ ከዚያ በታች ያለ መኪና ቀረጡ ዝቅ ስለሚል ነው፤ የኋላ ሻንጣው አጠር ያለችውም ለዚሁ ነው። በ1.2 ሊትሩ ሙሉ ሰው ይዞ ዳገት ላይ ከጭነት መኪና ኋላ መሰለፍን ከታገሡ ይግዙት። በራይድ የሠራ ከሆነ ግን ኮብልስቶን የበላው ነውና የፊት እግሩን ጉሚኒዎች (የማያያዣ ጎማዎች) ሳያስፈትሹ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ልግዛ እያልኩ ነው። ብርዱስ?

መልስ፦ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ለእኛ አገር አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም። በውርጭ ጠዋት ግን የሚሄደው ርቀት ያጥራል፣ ባትሪውም ሲቀዘቅዝ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ማታ ከሥራ እንደገቡ፣ ባትሪው ገና ለብ ሳለ ይሰኩት።

ሒሳቡን እንሥራ። የቤት ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚበቃ ሁለት ሰዓት ተኩል መሰካት ነው፤ መብራት ሲጠፋም የሚያካክሱበት ሌሊት አለ። ከሸዋ ሮቢት ጣርማበር መውጣት ግን ሌላ ነው። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,900 ሜትር ያህል ሽቅብ ለማንሣት ብቻ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ መንገዱን መጓዙ ሌላ። ሲወርዱ ከፊሉን ይመልሳል። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ቁልቁለት ከጀመሩ ግን የሚያስቀምጥበት ስለሌለው ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፤ ወደ ደብረ ሲና ሲሄዱ ትንሽ አጉድለው ይነሡ።

እኔ እዚህ ከተማ ውስጥ ብቻ የምዞር ብሆን እገዛው ነበር። የሚያሳስበኝ ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል የሚለው ነው፤ እኔ ራሴ ገና እየተማርኩ ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ «በውክልና ያዘው፣ ስሙን ቀስ ብለን እናዞራለን» ይለኛል።

መልስ፦ አይሆንም። ወካዩ ከሞተ ወይም ውክልናውን ከሻረ እጅዎ ላይ የሚቀረው የሰው መኪና ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ቁጥር በቁጥር ያመሳክሩ፤ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ከመንገድ ትራንስፖርት አጣርተው ስሙ ሲዞር ይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ጎማው አዲስ ነው ተብያለሁ። በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ጎኑ ላይ በክብ የተከበበ ባለ አራት አኀዝ ቁጥር አለ። 2319 ቢል በ2019 (በፈረንጆች) 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ ብዙ አለ። ስኮርታውንም (ትርፍ ጎማውንም) አይርሱ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ አንድ ኮሮላ ላይ ነኝ። ጋሼ፣ አብረውኝ ቢመጡ?

መልስ፦ እመጣለሁ። ባትሪ መብራትና ነጭ ጨርቅ ይያዙ፤ የጭስ ማውጫው ውስጥ አስገብተን የምንጠርግበት ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ እንገናኝ። ለሻጩ ግን በሦስት ሰዓት እንመጣለን ይበሉት።