የተዳፈነ እሳት ከሰማይ ሲታይ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ሰደድ እሳትን ከአየር ላይ በኢንፍራሬድ (ትኩስ ነገር በሚለቀው፣ ዓይን በማያየው ታህተ ቀይ ጨረር) ስለ መከታተል የሚጠይቁ ናቸው። አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ተራራ እሳት ተነስቶ ነበር። ስልኬ ላይ ባየሁት ካርታ ቀዩ መስመር ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቦታ ቆሟል፤ ጭሱ ግን ዓይናችን እያየ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ካርታውን ማመን አለብን? (ከሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ)

መስመሩ የቆመው እሳቱ ስለቆመ ሳይሆን አውሮፕላኑ ሌሊት አይቶት ስለሄደ ነው። በምዕራብ አሜሪካ ትልልቅ እሳቶችን የሚቃኙት የፌዴራሉ የደን አገልግሎት አውሮፕላኖች በአብዛኛው የሚበሩት በሌሊት ነው። ቀን ፀሐይ ያጋለው አለትና ጣሪያ ከፍም ጋር ይምታታል፤ ሲመሽ መሬቱ ይቀዘቅዝና ፍሙ ለብቻው ጎልቶ ይቀራል። በዚያ ላይ ካርታው የጠዋቱ ፈረቃ ወደ ተራራ ከመውጣቱ በፊት ተሠርቶ ማለቅ አለበት።

አውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው ፊኒክስ የሚባል መቃኛ ነው። ከመሬት 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲበር፣ ግራና ቀኝ 60፣ 60 ዲግሪ እየጠረገ በአንድ ምልልስ 10 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መሬት ያያል። ከዚያ ከፍታ 15 ሴንቲሜትር የምታህል ትኩስ ነገር ይለያል። ወደ ጠርዙ ግን ዓይኑ ይደክማል፤ በ60 ዲግሪ ዳር ላይ ያለው ቦታ ከሥሩ ካለው በእጥፍ ይርቃልና። ስለዚህ ምልልሶቹ እርስ በርስ እንዲደራረቡ ይደረጋል።

ምስሉ መሬት ላይ ላለ ተርጓሚ ባለሙያ ይላካል። እሱም የሙቀቱን ዙሪያ ወሰን ያሰምራል፤ ውስጡን ደግሞ ኃይለኛ ሙቀት፣ የተበታተነ ሙቀትና ለብቻው የቆመ ሙቀት ብሎ ይለያል። ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ትልቁ ቀይ ላይ ነው። የእሳት ሠራተኛን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ከወሰኑ ውጭ ያለችው አንዲት ነጥብ ናት፤ ንፋስ ያሻገረው ፍንጣሪ ልትሆን ትችላለችና።

እንግዲህ ካርታ ሲከፍቱ ከመስመሩ በፊት የቅኝቱን ቀንና ሰዓት ይፈልጉ። ከዚያ ወዲህ ንፋሱ ወዴት ሲነፍስ እንደዋለ እርስዎ ያውቁታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፊሪስ የሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ቀንም አውሮፕላን ስለሚያሰማራ፣ አንዳንዴ መስመሩ እኩለ ቀን ላይ ሊታደስ ይችላል። «30 በመቶ በቁጥጥር ሥር ውሏል» የሚለውን ደግሞ ካሜራ አይለካውም፤ ከእሳቱ ዙሪያ 30 በመቶው እሳቱ አይሻገረውም ተብሎ የታመነበት መስመር አለው ማለት ነው። የመውጣት ትእዛዝ ከመጣ ግን ካርታ አይታይም፤ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ጭስ አልፎ ያያል የሚባለው መሣሪያ ደመና ለምን ያቅተዋል? (ከአዲስ አበባ)

ነገሩ የመጠን ነው። የጭስ ብናኝ አብዛኛው ከአንድ ማይክሮ ሜትር (ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ያንሳል፤ መቃኛው የሚቀበለው ጨረር ግን የሞገድ ርዝመቱ ከ3 እስከ 5 እና ከ8 እስከ 14 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ ብናኙ ብዙም አያግደውም። የደመና ጠብታ 10 ማይክሮ ሜትር አካባቢ በመሆኑ ጨረሩን ይበትነዋል፣ ይውጠዋልም። እሳቱ ራሱ ከላዩ የሚፈጥረው ደመናም እንዲሁ ይጋርዳል።

ሁለት የሞገድ ክልል ያስፈለገበት ምክንያት አለው። 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን መሬት 727 ዲግሪ ካለው ፍም ጋር ብናወዳድር፣ በ4 ማይክሮ ሜትር ላይ ፍሙ ከመሬቱ 4,500 እጥፍ ያህል ያበራል፤ በ11 ላይ ግን 30 እጥፍ እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያው ፍሙን ያጋልጣል፤ ሁለተኛው ወንዙን፣ መንገዱንና ሸንተረሩን ስለሚያሳይ ፍሙ የት እንዳለ ለማወቅ ይረዳል።

ከስህተት ሁሉ የከፋው ግን ደመና የሸፈነውን ቦታ «ሙቀት የለም» ብሎ ማንበብ ነው። ጥሩ ተርጓሚ ያልታየውን ቦታ ለይቶ ያሰምርበታል። ምልክቱ ከሌለ መጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ በ2011 ዓ.ም. ስሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመን የሙቀት ካሜራ ያለው ድሮን ምን ይጠቅመናል? እንዴትስ ይሠራበታል? (ከደባርቅ)

ድሮን ውሃ ተሸካሚ ሄሊኮፕተርን አይተካም። የሚጠቅመው ነበልባሉ ከወረደ በኋላ ነው፤ በአስታ ዛፍ ጉቶና ሥር፣ በጓሳ ሣር እግር ውስጥ ተዳፍኖ የቀረውን እሳት ንፋስ ሳይቀሰቅሰው ለማግኘት።

በመጀመሪያ ሒሳቡን ይሥሩ። 640 በ512 ነጥብ (ፒክስል) ያለው፣ ሌንሱ 13 ሚሊ ሜትር፣ የነጥቡ ስፋት 12 ማይክሮ ሜትር የሆነ ካሜራ ከ100 ሜትር ከፍታ በአንዷ ነጥብ 9 ሴንቲሜትር መሬት ይሸፍናል፤ ሙሉ ምስሉም 59 በ47 ሜትር ነው። ስለዚህ ፓርኩን በሙሉ አይሞክሩት፤ የተቃጠለውን ጠርዝ ይዘው ከመስመሩ ወደ ውስጥ 50 ሜትር ያህል ይቃኙ። እሳቱ የሚያመልጠው ከጠርዝ ነው።

የሚበሩት ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ አለቱን ሳትነካው ይሁን። ምስሎቹ በበረራው አቅጣጫ 80፣ በጎን 70 በመቶ ይደራረቡ። ከፍታው ከተነሱበት ቦታ ሳይሆን ከሥር ካለው መሬት እንዲቆጠር ያድርጉ፤ እንደ ስሜን ባለ ገደል አገር ይህን የዘነጋ ድሮኑን ከሸንተረር ጋር ያጋጫል።

ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተው ቀለሙ ነው። ካሜራው በራሱ ሲያስተካክል በምስሉ ውስጥ ያለውን በጣም ሞቃት ነገር ሁልጊዜ ነጭ ያደርገዋል፤ እሳት በሌለበት ለብ ያለ ድንጋይም ያበራል። ቀለሙን በቋሚ የሙቀት ክልል፣ ለምሳሌ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ፣ ይሰሩት። ብዙ ካሜራዎች በተለመደው ቅንብር 150 ዲግሪ አካባቢ ይሞላሉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሙቀት አይለዩም። ለተዳፈነ እሳት ፍለጋ ይበቃል፤ የነበልባልን ሙቀት ለመለካት ግን ወደ ከፍተኛው ክልል መቀየር ያስፈልጋል። የምትንቀሳቀስ ነጥብ ካዩ ደግሞ አይደንግጡ፤ ዋልያ ወይም ቀበሮ ትሆናለች።

በ3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ ይደክማል፣ ባትሪውም በፋብሪካው መመሪያ የተጻፈውን ደቂቃ አይቆይም። ለከፍታ የተሠራ ተሽከርካሪ ክንፍ (ፕሮፔለር) ይግጠሙ፣ ባትሪውን ኮት ውስጥ አሙቀው ያስገቡ፣ 40 በመቶ ሲቀር ይመልሱት። የበረራ ፈቃድ አስቀድሞ ይያዝ። ሄሊኮፕተር ወደ አካባቢው ከገባ ድሮኑ ወዲያው ይወርዳል፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

የተገኘው ነጥብ ሁሉ ከነሰዓቱ በጂፒኤስ ቁጥር ለእግረኛው ቡድን ይሰጥ። የቡድኑ ሰው የእጁን ጀርባ ወደ አፈሩ አስጠግቶ ይፈትሽ፣ ይቆፍር፣ ውሃና አፈር አቀላቅሎ ያቡካው። አፈር ብቻ ከለበሰበት እሳቱን ዳፈነው እንጂ አላጠፋውም።

ጥያቄ፦ በሳተላይት የእሳት ካርታ ላይ አፋር ውስጥ ደጋግማ የምትታይ ቀይ ነጥብ አለች። እዚያ ምን ደን አለና ይቃጠላል? (ከሰመራ)

የኤርታሌ እሳተ ገሞራ መሆን አለበት። ሳተላይቱ ሙቀት ያያል፤ ደን ይሁን የቀለጠ አለት አይጠይቅም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ የነዳጅ ጋዝ ማቃጠያዎችም እንዲሁ ነጥብ ሆነው ይወጣሉ።

ነጥቧ ራሷም የእሳቱ ትክክለኛ ቦታ አይደለችም። ቪርስ በሚባለው የሳተላይት መሣሪያ እያንዳንዷ ነጥብ ጎኑ 375 ሜትር የሆነ፣ ሞዲስ በሚባለው ደግሞ ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት ትሸፍናለች፤ ምልክቱ የሚቀመጠው በዚያ ቁራጭ መሬት መሐል ላይ ነው። ቪርስን የተሸከሙት ሳተላይቶች የሚያልፉት ከቀኑም ከሌሊቱም 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የጠፋ የሣር እሳት ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ የሚሰካ የሙቀት ካሜራ ለዚህ ሥራ ይሆናል? (ከባሕር ዳር)

ጉቶ ለመፈተሽ፣ በጥቂት ሜትር ርቀት፣ አዎ። ከተራራ ማዶ ለመቃኘት አይሆንም፤ ነጥቦቹ ጥቂት ናቸው። ወፍራም አመድ ከሥሩ ያለውን ፍም ስለሚሸፍን መጀመሪያ አመዱን በአካፋ ገለጥ አድርገው ያንሱት።