ከሮት አይአርኤ ቀድሞ ገንዘብ ማውጣት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ አዲስ አበባ ታማብኛለች። ዕድሜዬ 41 ነው። ሮት አይአርኤ (Roth IRA፣ ታክስ ከተከፈለበት ገንዘብ የሚጠራቀምበት የግል የጡረታ ሂሳብ) ውስጥ 22 ሺህ ዶላር አስገብቼ አሁን 31 ሺህ ደርሷል። ከነካሽው 10 በመቶ ትቀጫለሽ አሉኝ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እናትዎን ይማርልዎ፣ እህቴ። የነገሩዎት ግማሹን ነው። 22 ሺው ታክሱ ተከፍሎበት የገባ የራስዎ ገንዘብ ነው። ዛሬ ቢያወጡት ታክስም ቅጣትም የለበትም፤ ለምን አወጡት የሚልም የለም። አወጣጡ ተራ አለው። መጀመሪያ ያስገቡት ይወጣል፣ ቀጥሎ ከሌላ የጡረታ ሂሳብ ያዛወሩት ካለ እሱ፣ ትርፉ መጨረሻ። 25 ሺህ ካወጡ ግን 3 ሺው ትርፍ ነው። 59 ዓመት ተኩል ስላልሞላዎት የገቢ ታክስ ይከፈልበታል፣ በላዩ 300 ዶላር ቅጣት አለ። ለከባድ የሕክምና ወጪ ቅጣቱ የሚቀርበት መንገድ ቢኖርም፣ አገር ቤት ላሉ የአሜሪካ ዜጋ ላልሆኑ እናት አይሠራም። ስለዚህ 22 ሺውን አይለፉ።

ካወጡበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት መጀመሪያ ፎርም 1099-አር ይደርስዎታል። ያወጡት በሙሉ ተጽፎ፣ «ታክስ የሚከፈልበት መጠን አልተወሰነም» የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ሊያዩ ይችላሉ። አይደንግጡ። የራስዎ ገንዘብ መሆኑን የሚያሳዩት በፎርም 8606 ነው። ለዚህም በየዓመቱ ያስገቡትን የሚመዘግበውን ፎርም 5498 አይጣሉ። ይህን ወረቀት የሚጥል ሰው ሳይ በጣም ነው የሚቆጨኝ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ቤታችንን ልንገዛ ነው። ሂሳቡን የከፈትኩት ኤፕሪል 2021፣ ለ2020 ብዬ ነው። 5 ዓመት ሞልቶኛል?

መልስ፦ ሞልቶዎታል። ትርፉ ያለ ታክስ እንዲወጣ የሚጠየቀው 5 ዓመት የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1፣ 2020 ነው። ያስገቡትን ካወጡ በኋላ፣ ከትርፉም በዕድሜ ልክ እስከ 10 ሺህ ዶላር ያለ ታክስና ያለ ቅጣት ለቤቱ ማውጣት ይችላሉ። ባለቤትዎም የራሳቸው ሮት ካላቸው ሌላ 10 ሺህ አላቸው። ገንዘቡ በ120 ቀን ውስጥ ለቤቱ ይዋል።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤቴ ሮት 401 ኬስ?

መልስ፦ እሱ ይለያል። ያስገቡትና ትርፉ ተመጣጥነው አብረው ይወጣሉ፤ «የራሴን ብቻ» ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ዕቁቤ ከ3 ወር በኋላ ይደርሰኛል። እስከዚያ ከሮት አይአርኤ አውጥቼ ልመልሰው?

መልስ፦ መመለሻው 60 ቀን ነው፣ ያውም በ12 ወር አንድ ጊዜ። የእርስዎ 90 ቀን ነው። ካለፈ የሚያስገቡት በዓመቱ ጣሪያ ልክ ብቻ ነው፣ ለዓመታት የሞሉት ቦታ ያመልጥዎታል። መጀመሪያ ዳኛውን ያነጋግሩ፤ ዕጣ የሚለዋወጥዎት ሰው አይጠፋም።