መልስ፦ ቶኪዮ ውስጥ «ለውጭ አገር ሰው አናከራይም» ለተባልከው

በመጀመሪያ ዩአር ወደተባለው የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ድርጅት ሂድ። ዋስም፣ ለአከራይ የሚሰጥ የማይመለስ ገንዘብም፣ የደላላ ክፍያም አይጠይቅም፤ የመኖሪያ ካርድህንና የገቢ ወይም የቁጠባ ማስረጃህን ይዘህ ቅረብ። በግል ደላላ በኩል የምትፈልግ ከሆነ፣ ቤቱን ከማየትህ በፊት እዚያው ፊትህ ለአከራዩ ደውሎ የውጭ አገር ሰው ይቀበል እንደሆነ እንዲጠይቅልህ አድርግ።

ነጩ የክፍል ጓደኛህ በየሄደበት እንደሚከበርና ቤትም እንደማይቸግረው ጽፈሃል። መከበሩ እውነት ነው፤ እንግሊዝኛ የማስተማር ሥራም፣ የሰው ፈገግታም ለእሱ ቶሎ ይቀርባል፣ ይህም ያንገበግባል። ነገር ግን ክብሩ የእንግዳ ክብር ነው። በሆካይዶ፣ ኦታሩ ከተማ፣ አንድ የፍልውሃ መታጠቢያ ቤት ነጮችን፣ ከእነርሱም አንዱን የጃፓን ዜግነት ካገኘ በኋላ እንኳ፣ በመልካቸው አላስገባም በማለቱ፣ የሳፖሮ ፍርድ ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. ለሦስቱ ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የን እንዲከፍል ፈርዶበታል። ጃፓን የዘር መድልዎን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1995 እ.ኤ.አ. ብትቀበልም፣ ለውጭ አገር ሰው አላከራይም የሚለውን አከራይ በቀጥታ የሚቀጣ ሕግ አላወጣችም፤ ስለዚህ መብትህን በክስ ማስከበር ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል።

ካየሁት ተነሥቼ አንድ ነገር አጥብቄ እመክርሃለሁ፦ ጃፓናዊ ወዳጅህ በስሙ ተከራይቶ እንዲያስገባህ አትስማማ። የኪራይ ውሎች ቤቱን ለሌላ ሰው ማስተላለፍን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚከለክሉ፣ አከራዩ ባወቀ ቀን አንተ ቤትህን ታጣለህ፣ ወዳጅህም በውል አፍራሽነት ይጠየቃል።