ፕሮግራሜ ዲበግ ሲደረግ ከኪቦርድ ለምን አይቀበልም? (መልስ)

ሰላም ወዳጄ። የሲ ሻርፕ ፕሮግራምህ ዊንዶውስ ላይ በቪዥዋል ስቱዲዮ በደንብ እየሠራ፣ ሊኑክስ ላይ በቪኤስ ኮድ (በኮድ መጻፊያው ፕሮግራም) ዲበግ ስታደርገው፣ ማለትም ስህተት ለመፈለግ እየተከታተልክ ስታስኬደው ግን ከኪቦርድ ምንም እንደማይቀበል ጽፈሃል። ኮድህን አትንካው፤ ችግሩ እዚያ አይደለም።

ቪዥዋል ስቱዲዮ ለፕሮግራሙ የራሱን የኮንሶል መስኮት ይከፍትለታል። ቪኤስ ኮድ ግን ብዙ ጊዜ ውጤቱን የሚያሳይህ በራሱ መስኮት ውስጥ ባለው በዲበግ ኮንሶል ነው። በቆዩ የሲ ሻርፕ ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ) ስሪቶች እዚያ የምትጽፈውን የሚያነበው ዲበገሩ፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚከታተለው መሣሪያ፣ እንጂ ፕሮግራምህ አልነበረም፤ በአዲሶቹም ፕሮግራሙ በዲበገሩ ቆሞ ሳለ የምትጽፈው ለዲበገሩ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ፕሮግራምህ ሪድላይን (ከኪቦርድ አንድ መስመር የሚያነበው ትእዛዝ) ላይ ሲደርስ የጻፍከው ላይደርሰው ይችላል።

ፕሮግራሙ ዲበግ ሲደረግ እንዴት እንደሚነሣ የሚወስነውን የላውንች ጄሰን (launch.json) ፋይል ክፈትና «ኮንሶል» (console) የሚለውን ዋጋ ወደ «ኢንተግሬትድ ተርሚናል» (integratedTerminal)፣ ማለትም ቪኤስ ኮድ ውስጥ ወዳለው ተርሚናል ቀይረው። መስመሩ ከሌለ ራስህ ጨምረው። ይህ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። በተለየ መስኮት የሚከፈት «ኤክስተርናል ተርሚናል» የሚባልም አለ፤ እኔ ግን አልመክርህም። ሊኑክስ ላይ የትኛው ተርሚናል እንደተጫነ ይወሰናል፤ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከርቀት በመግባት) ሌላ ማሽን ላይ ስትሠራ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ስትሠራ፣ ጽሑፍ የሚያወጣውን የፕሪንትኤፍን መስመር አልፈህም ጽሑፉ ላይታይ ይችላል። አንዳንድ አይዲኢዎች (የፕሮግራም መሥሪያ ሶፍትዌሮች) ውጤቱን በተርሚናል ሳይሆን በፓይፕ (ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም በሚያስተላልፍ መስመር) ስለሚቀበሉ ጽሑፉ በበፈር (በጊዜያዊ ማጠራቀሚያ) ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል። ከሥሩ በፈሩን ባዶ የሚያደርገውን ኤፍፍለሽ (fflush) ጨምርበት፣ ወዲያው ይወጣል።