የማሞቂያው እሳት ቢጫ ሆነብኝ፤ ጋዙ ይሆን?

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። «ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ እየተቸገርን 10 ሊትር የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ገዛሁ። ሠራተኛው ሻወር ቤት ውስጥ ሰቀለው። ውጭ ከሆነ ውሃው መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል አለኝ። ሲሊንደሩ ከደረጃው ሥር ነው። እሳቱ ቢጫ ነው፤ አንዳንዴም ራሱ ይጠፋል። እናቴ ታጥባ ስትወጣ ራሷን አመማት፤ ጉልበቴ ከዳኝ አለች። ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ ያንኑ ዓይነት ነው የገዛው፤ ምንም ችግር የለበትም። ጋዙ ይሆን መጥፎው?»

ወንድሜ፣ አብሽር ብዬ ባረጋጋህ ደስ ባለኝ። አሁን ግን አልልህም። መጀመሪያ ተነስና ሲሊንደሩን ዝጋ። ቦታው እስኪቀየር ድረስ ማንም በዚያ ማሞቂያ አይታጠብ። እናትህን ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው። «በጋዝ ማሞቂያ ሲታጠቡ ነው የታመሙት» ብለህ ለሐኪሙ ንገረው፤ ካልነገርከው ተራ ራስ ምታት ሊመስለው ይችላል።

በብርድ ጊዜ ከሰል አስገብቶ፣ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። እናትህን የነካቸውም ያው ነገር ይመስለኛል። እሳት አየር ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ከሰልም ይንደድ ጋዝ፣ መርዙ አንድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ጋዝ ሲያፈስ የሚሸተን ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው፤ ጋዙ ሲቃጠል ሽታውም አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ «አልሸተተኝም» ማለት ምንም ማስተማመኛ አይሆንም። ይህ መርዝ ደም ላይ ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ወተት ማጠጣት አይፈታውም። ሰውየውን ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጥቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

እስቲ አየሩን አብረን እናስላው። 10 ሊትር ማሞቂያ ሙሉ ሲነድ ወደ 20 ኪሎዋት ይጠጋል። ሰባት ስምንት የወጥ ቤት ጋዝ ምድጃ በአንዴ እንደ መለኮስ ነው። በ10 ደቂቃ ሩብ ኪሎ ያህል ጋዝ ይበላል። ያን ጋዝ በደሴ ከፍታ በደንብ ለማቃጠል ከ4 ሜትር ኩብ በላይ አየር ያስፈልጋል። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ከፍታው 2.4 ሜትር የሆነ ሻወር ቤት በጠቅላላው የሚይዘው 7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አንድ ሰው ታጥቦ ሳይጨርስ እሳቱ ከክፍሉ አየር ከግማሽ በላዩን ይፈልጋል ማለት ነው። ታጣቢውም የሚተነፍሰው ከዚያችው ነው። እሳቱ ቢጫ ሆኖ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

«መስኮት እከፍታለሁ» እንዳትለኝ። የጦሳ ተራራ ብርድ እየገባ መስኮት ከፍቶ የሚታጠብ ሰው አላየሁም። አንድ ጊዜ «ማሞቂያው እየጠፋ አስቸገረን» ተብዬ ተጠራሁ። የአየር ቀዳዳው በፌስታል ተጠቅጥቋል። የጭስ ቱቦውን ስከተል ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ አልቋል፤ ጣሪያውን አልበሳም። ጭሱ ኮርኒሱ ውስጥ ተጠራቅሞ መልሶ ወደ ቤት ይወርድ ነበር። በዚያ ቤት ሁለት ሕፃናት ነበሩ። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ወንድምህን የት እንደሰቀለው ጠይቀው። በረንዳ ላይ ይመስለኛል። ከፍታውም ትንሽ ድርሻ አለው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ናቸው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ኮምቦልቻ አንድ አምስተኛ ያህል። ልዩነታቸው ብዙ አይደለም። ትልቁ ልዩነት ቦታው ነው።

ስለ ጋዙ ግን ማየት ያለብህ ነገር አለ። ማሞቂያው ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። የሲሊንደር ጋዝ ኤልፒጂ ነው፤ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ የሚሞላ ጋዝ ማለት ነው፤ ግፊቱ 2800 ፓስካል ወይም 30 ሚሊባር አካባቢ መሆን አለበት። 2000 ፓስካልና «የተፈጥሮ ጋዝ» የሚል ከሆነ ዕቃው ለእኛ ሲሊንደር አልተሠራም። የጋዝ ቀዳዳዎቹ ሰፊ ስለሆኑ እሳቱ ውጭም ብትሰቅለው ቢጫ ነው። ሻጩ ይቀይርልህ። ሬጉሌተሩም (ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው የግፊት መቀነሻ) ዝቅተኛ ግፊት ያለው፣ የቤት ይሁን። ለሆቴል ትልልቅ ምድጃ የሚሆነውን፣ በእጅ እየተጠመዘዘ ግፊት የሚጨምረውን፣ በፍጹም አትግጠም።

ሲሊንደሩን ከደረጃ ሥር አውጣው። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወለል ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል። ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። ከፍሳሽ ጉድጓድ ይራቅ። ጋደም ካደረግከው ፈሳሹ ጋዝ ወደ እሳቱ ይሄዳል። በብርድ ጠዋት ሲሊንደሩ አልቦት ወይም በረዶ ለብሶ እሳቱ ከደከመ፣ ጋዙ እንደሚፈለገው ፈጥኖ አልተነነም ማለት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ካሉት ጋዞች አንዱ፣ ቡቴን፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል። ትንሿ 6 ኪሎ ለዚህ ማሞቂያ አትበቃም፤ ትልቁን ያዝ። ከሰል አጠገቡ ማስቀመጥ ወይም የፈላ ውሃ ማፍሰስ የለም። ጎማው የጋዝ ጎማ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልበለጠ፣ መሐሉ ያልተቀጠለ ይሁን። ከዚያ ለሚርቅ በመዳብ ቱቦ ይሠራል፤ ማሞቂያው አጠገብም መዝጊያ ይኑረው። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በላርጎ አረፋ ፈትሽ። አረፋው ካበጠ ያፈሳል። ክብሪት ለፍተሻ የሚጭር ሠራተኛ ካየህ ከግቢህ አስወጣው።

ማሞቂያውን በረንዳ ላይ፣ ዝናብና ነፋስ በቀጥታ በማይመታው ግድግዳ ስቀለው። በረንዳው በመስታወት የተዘጋ ከሆነ አንድ ቀዳዳ ከወለሉ አጠገብ፣ አንድ ከጣሪያው ሥር ይከፈት። እኔ እያንዳንዱን ከ10 በ20 ሴንቲሜትር አላሳንስም፤ የማሞቂያው መመሪያ ከዚያ በላይ ካለ መመሪያውን ነው የምከተለው። የጭስ ቱቦው ብረት ይሁን፣ ስፋቱ አይጥበብ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ሰማይ ላይ ይለቅ። ከመስኮት ሥር አይጨርስ። ፍሳሽ እንደሌለ ካረጋገጥክ በኋላ ማሞቂያውን አብርተህ የሚጨስ ዕጣን ወደ ጭስ መውጫው አንገት አስጠጋ። ጭሱን ወደ ላይ ከሳበው ጥሩ ነው። ከመለሰው አጥፋ። እሳቱም በማሞቂያው ትንሿ መስኮት ስታየው ሰማያዊ መሆን አለበት።

ውሃው መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል ያለህ ሠራተኛ አላሰላውም። 20 ሚሊሜትር ፒፒአር (የፕላስቲክ) ቧንቧ በ6 ሜትር ርዝመት አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ሻወሩ በደቂቃ 6 ሊትር ቢያፈስ ሙቁ ውሃ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይደርሳል። ቧንቧውን በስፖንጅ አልብሰው። መጀመሪያ የሚመጣውን ቀዝቃዛ በባልዲ ያዘው፤ ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል።