«ጡረታ ሳይደርስሽ ጡረታ ወጣሽ» ላሉሽ

እህቴ፣ «ከአራት ዓመት የጸሐፊነት ሥራ በኋላ ወደ ኮሙኒኬሽን ክፍል አዛውረውኝ የደብዳቤ ልውውጡንና ከሕዝብ የሚመጣውን የመረጃ ጥያቄ ልይዝ ነው፤ ጓደኞቼ ጡረታ ሳይደርስሽ ጡረታ ወጣሽ እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ልቀበል ወይስ ልከራከር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አሥራ አራት ዓመት በዚሁ ሥራ አሳልፌያለሁ፤ ስድስቱን ሪከርድና ማህደር (ደብዳቤ የሚመዘገብበትና ፋይል የሚቀመጥበት ክፍል)፣ የቀረውን አንቺ በተመደብሽበት ዓይነት ወንበር ላይ። ተቀበዪው። ቀልደኞቹም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።

ያልተመለሰ ደብዳቤ አይጮህም። ፎቶ ኮፒው ሲበላሽ ቢሮው በሙሉ ይንጫጫል፤ መሳቢያ ውስጥ ስድስት ወር የተኛ ማመልከቻ ግን ባለቤቱ በር ላይ ካልቆመ ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ መሥራት ያልፈለገ ሰው እዚህ ክፍል ተመችቶት ይኖራል። መሥራት የፈለገ ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ከኃላፊው እኩል ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ሁሉ በእጁ ያልፋላ! ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም. የጽሕፈት ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ያን ያህል የተፈሩት ጦር ስለሚያዝዙ አልነበረም፤ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የሚገባውና ከዚያ የሚወጣው ወረቀት በእሳቸው በኩል ያልፍ ስለነበር ነው። አንቺን ግን ማንም አይፈራሽም፣ አትጨነቂ።

መጀመሪያ የምታስቢው ስለ ቁጥር ይሁን። ገቢ ያልሆነ፣ ማለትም መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቁጥርና ቀን ያልተሰጠው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ቁጠሪው። አንዱ በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፣ ሌላው ኮሪደር ላይ ያስጨብጥሻል፣ ሦስተኛው ጠረጴዛሽ ላይ ጥሎልሽ ይሄዳል። ሁሉንም ተቀበዪ፤ የቴሌግራሙንም አትመሽ ከሌላው ጋር ሪከርድ ውሰጂና ገቢ አስደርጊው። ለባለጉዳዩ በእጁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ያንኑ ቁጥርና ቀን ጽፈሽ ስጪው። «ያኔ አምጥቼ ነበር» ሲልሽና «አላመጡም» ስትይው ማንም ዳኛ የለም፤ ቁጥር ካለው ግን ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አለቀ።

ደብዳቤው ወደ ኃላፊው ገብቶ ጠርዙ ላይ ይመራል፤ ለማን እንደሚሄድና ምን እንደሚደረግ ይጻፍበታል። «ለኮሙኒኬሽን፣ ታይቶ ምላሽ ይሰጥ» ከተባለ እሰየው። የምፈራው አንድ ቃል ነው፦ «አነጋግሩኝ»። እኔ ካየኋቸው ከተቀበሩ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ጠርዛቸው ላይ ይህች ቃል አለች። ትገቢያለሽ፣ ታወሪያለሽ፣ «እስቲ ለጊዜው ቆይ በሉት» ትባያለሽ፣ ትወጫለሽ። ከሦስት ወር በኋላ «ለምን አልመለሳችሁም?» ሲባል ኃላፊው አያስታውሱም፤ ፋይሉ ላይ ያለው ያንቺ ስም ብቻ ነው። መድኃኒቱን አንዲት ጡረታ የወጣች አለቃዬ አስተማረችኝ። ተነጋግረሽ እንደወጣሽ እዚያው ከምሪቱ ሥር በእስክሪብቶ ጻፊ፦ «በዛሬው ቀን በቃል በተሰጠኝ መመሪያ መሠረት ምላሹ እንዲቆይ ተደርጓል»፤ ቀንና ፊርማ። ወረቀቱን በማግስቱ መልሰሽ አስገቢላቸው። ክፋት የለውም፣ አትከሺያቸውም። ግን ብዙ ጊዜ ያችን መስመር ሲያዩ «እሺ፣ ይመለስለት» ይላሉ።

ሕጉን አንብቢው፤ ሌሎቹ አላነበቡትም። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። «ያ እኮ ተሽሯል» የሚልሽ አይጠፋም። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የሚዲያውን ክፍል ተካው እንጂ የመረጃውን ክፍል አልሻረውም። ለጥያቄ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለብሽ፤ ጥያቄው ብዙ ሰነድ የሚያስፈልግ ከሆነ አንድ ጊዜ ማራዘም ይቻላል። ከከለከልሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ታሳውቂያለሽ፤ ጠያቂው ቅር ካለው ወደ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። 30 ቀን ለተመራማሪ ምቹ ነው። ለጋዜጠኛ ግን ዜናው ሞቶ ለተዝካሩ አሥር ቀን ሲቀረው ማለት ስለሆነ፣ በእጅሽ ያለውን የዚያኑ ቀን ስጪው፣ የቀረውን በቁጥር ያዢው።

ሰዉ ከዚህ አዋጅ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል መጠየቅ ይችላል፤ አንቺ ትጽፊለታለሽ፣ ቅጂውንም ትሰጪዋለሽ። በር ላይ ካለው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ብር እንዲከፍል ማድረግ አይገባም።

ይህን ያወቅሁት በአንድ ሽማግሌ ነው። በ1998 ዓ.ም. በመንገድ ሥራ ምክንያት ከቤታቸው ሲነሡ የካሳው ግምት የጸደቀበትን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ይፈልጋሉ። አምስት ወር ተመላልሰው «ፋይሉ ጠፍቷል» ተብለዋል። እኔ ጋ ሲመጡ ስድስተኛ ወራቸው ነበር። ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ «ልጄ፣ እኔ ጠፋ ያሉኝን እየሰማሁ አይደለም የምመጣው፤ ጠፋ ብለው ጽፈው እንዲሰጡኝ ነው» አሉኝ። ጠፋ የሚለውን መጻፍ ግን ማንም አልደፈረም። የእኛን ሥራ ከዚያ በተሻለ የገለጸልኝ የለም።

የሚናገሩትን ጻፍኩ፣ አነበብኩላቸው፣ አሻራቸውን አደረጉ፣ ገቢ አስደረግሁትና ቅጂውን ሰጠኋቸው። በፌስታል ጠቅልለው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወደ ማህደር ክፍል ወረድኩ። ካሳው የተመዘገበው በአባታቸው ስም ነበር፦ ኃይለ ማርያም። የማህደር ክፍሉ ልጆች ሲፈልጉ የከረሙት በ«ሀ» ሥር ነው፤ አንዱ ደግሞ በ«ሐ» ሞክሯል። የ1998ቱ መዝገብ ያዥ ግን ፊደል የሚጠነቅቅ፣ የድሮ ትምህርት ያለው ሰው ነበርና በ«ኀ» አስገብቶታል። አስቢው፤ በፊደል ገበታው ላይ በ«ሀ» እና በ«ኀ» መካከል አሥራ አንድ ፊደል አለ። ሌላ መደርደሪያ፣ ሌላ ግድግዳ ማለት ነው። ፋይሉ «ቸ» ካለቀ በኋላ፣ ከ«ነ» በፊት፣ አቧራ ለብሶ ቁጭ ብሏል። አምስት ወር የጠፋው ፋይል በአርባ ደቂቃ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም ስፈልግ በሁሉም ሞክሼ ፊደል ነው፤ «ሠ» ከ«መ» ቀጥሎ፣ «ሰ» ከ«ረ» ቀጥሎ፤ «አ» አንድ ጋ፣ «ዐ» ከ«ወ» በኋላ። «ጸ» እና «ፀ» ጎረቤት ስለሆኑ አያስቸግሩም። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ይህ ቀረ የሚሉ አሉ። አልቀረም፣ እንዲያውም ባሰ፤ ማሽኑ «ሀይለ» ብለሽ ስትፈልጊ «ኃይለ»ን አያሳይሽም፤ ሰው ግን ቢያንስ ይጠረጥራል።

እንደተገኘ ሌላ ጣጣ መጣ። ቃለ ጉባኤው የብዙ ተነሺዎችን ስም፣ የተገመተላቸውን ብርና የባንክ ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ የያዘ ነው። የሕግ ክፍሉ «የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ ስላለበት አይሰጥም» አለ። ስለ ሌሎቹ ሰዎች ልክ ነው፤ ስለ ሰነዱ በሙሉ ግን ልክ አይደለም። የሚከለከለው መስመር ተከልክሎ የቀረው ይሰጣል። ነጭ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጬ በሌሎቹ ረድፎች ላይ ዘርግቼ ፎቶ ኮፒ አነሣሁት፤ የሽማግሌው ረድፍ፣ የስብሰባው ውሳኔና የፈራሚዎቹ ስም ብቻ ቀረ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማህተም። እንግዲህ የሌሎች ስም የሞላበት ሠንጠረዥ አያስመርርሽ፤ ብዙ «አይሰጥም» የተባለ ሰነድ በመቀስ ይፈታል።

ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ብዙ አልልሽም፣ አራት ዓመት ጽፈሻል። አንድ ሐረግ ብቻ ከእጅሽ አውጪ፦ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በአክብሮት እንጠይቃለን»። ምን ዓይነት ትብብር? በማን? አንድ ተማሪ ይህን የያዘ ሸኚ ደብዳቤ ይዞ ሦስት መሥሪያ ቤት ዞሮ ሲመለስ አየሁት፤ ሁሉም ተባብረውታል፣ ወንበር ሰጥተው፣ አዳምጠው፣ ወደ ሌላው ሸኝተው። አዲሱን እንዲህ ብለን ጻፍንለት፦ «የ2011 በጀት ዓመት የውኃ ጉድጓድ ጥገና ሪፖርት፣ ከገጽ 4 እስከ 19፣ ቅጂ እንዲሰጠው»። በማግስቱ አገኘ። አንድ ነገር በስሙ ከተጠራ እምቢ ለማለትም ሰው ያፍራል።

በጀት ዓመት ካነሣሁ አይቀር፣ «የ2012» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ወዲያው አትሩጪ። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ የ2012 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 2011 ላይ ነው። ጠያቂው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አስቦ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ድርጅት የመጣ ደብዳቤ ከሆነ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስልክ ደውይና «ከየትኛው ወር እስከ የትኛው?» በዪ። «ለምን ፈለጉት?» ግን አትበዪ። ይህን ጥያቄ የምንጠይቀው ሁልጊዜ ለማወቅ አይደለም፣ ለማስፈራራት ነው፤ ባለጉዳዩም ያውቃል።

መከልከል ሲኖርብሽ ከልክዪ። የሚከለከል አለ፤ የሰው የግል ጉዳይ፣ የንግድ ምስጢር፣ የጸጥታ ጉዳይ። ግን በደብዳቤ፣ በቁጥር፣ ምክንያቱን ጠቅሰሽ። «ነገ ይመለሱ» የሚባል ሰው የሚሄድበት የለውም። «አንሰጥም» የሚል ደብዳቤ የያዘ ሰው ግን ይግባኝ የሚልበት ወረቀት ይዟል። ባልደረቦችሽ ይህን እንደ ጭካኔ ያዩታል፣ «ለምን ታስከፊዋለሽ፣ ቀስ ብሎ ይረሳዋል» ይሉሻል። አይረሳም። ሽማግሌው ረስተዋል?

የደሞዙን ነገር ዝም ያልኩት ስለማይነገር ነው። ደረጃው ከጸሐፊነቱ ብዙም አይርቅም፤ ለእድገት ብለሽ አትቀበዪ። በሰኔ ደግሞ ሁሉም ሪፖርት ስለሚያዘጋጅ ሰነድ የሚያወጣልሽ ሰው አታገኚም፤ ከባድ ጥያቄ ከግንቦት በፊት ጨርሺ። የተቀበልሽውን፣ የሰጠሽውንና የከለከልሽውን ጥያቄም ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ፤ በዓመቱ መጨረሻ ለእንባ ጠባቂው ሪፖርት ሲባል ከየመሳቢያው ስትሰበስቢ እንዳታድሪ።

እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽና ላብቃ። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ የሥራ ኃላፊ በስልክ «ያንን ፋይል በተላላኪ ላኪልኝ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ» አሉኝ። ዋናውን፣ ያለ ፊርማ፣ ላክሁ። ከሰዓቱ ዓመት ሆነ። እሳቸው ተዛወሩ፣ ፋይሉ ሲፈለግ የመጨረሻው ቁልፍ ያዥ እኔ ነኝ፤ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀርቤ የአንድ ወር ደሞዝ ተቀጣሁ። ስለዚህ ሰኞ ስትገቢ የክፍሉን ቁልፍ ወዲያው አትቀበዪ። ካንቺ በፊት ከነበረው ሰው ጋር ሆናችሁ መደርደሪያውን በፊደል ተራ ቁጠሩ፣ ፋይል በፋይል፣ ምን ያህል ገጽ እንዳለው ጭምር። የጎደለውን «የጎደለ» ብላችሁ በርክክብ ቅጹ ላይ ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ቅጹን ሪከርድ ወስደሽ ገቢ አስደርጊው። ሁለት ቀን ይፈጅብሻል፣ ይስቁብሻል። ከዚያ ቁልፉን ተቀበዪ።